የኮት መስቀያ የሌለው መኪና

መኪና ሻጭ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስላለው ነገር ነው። ኤሲ አላት፣ ቴፕ አላት፣ ወንበሯ ቆዳ ነው፣ መስኮቷ በእጅ አይዞርም። የሽቱትጋርቱ የፖርሼ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ፓሪስ ትርኢት ላይ ወስዶ ያቆመው መኪና ግን የሚኮራው በጎደለው ነበር። የኋላ ወንበር የለውም። ምንጣፍ የለውም። ሰዓት የለውም። የክንድ ማሳረፊያ የለውም። የኮት መስቀያ የለውም።

እኔን የሚገርመኝ የኮት መስቀያው ነው። ወንበርስ ይሁን፣ ወንበር ይከብዳል። ምንጣፍም ውሃ ከጠጣ ሸክም ነው። ግን የኮት መስቀያ? አንድ የተማረ ጀርመናዊ መሐንዲስ፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ጉጥ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ «ይቺስ በዝታለች፤ ትውጣ» ሲል ይታየኛል። ደንበኛው ከፈለገ ኮፈኑ ላይ ያለው የብረት ዓርማ እንኳ ተነሥቶ ተለጣፊ ይለጠፍለት ነበር። ሰው ስሙን እስከመቀነስ የሚደርሰው ምን ያህል ቢቸግረው ነው?

ስሙ ፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7 ይባላል። ከኋላው ኮፈን ላይ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነገር አለው፤ አገሬው የዳክዬ ጭራ ብሎታል። በሰዓት 245 ኪሎሜትር ሲበር የኋላ ጎማው ከመሬት እንዳይላቀቅ የሚጫነው ይህ ጭራ ነው። ዕቃው የተሟላለት ወንድሙ 1,075 ኪሎ ሲመዝን የተራቆተው 960 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል የሚበልጥ ጤፍ ከትከሻ ላይ እንደማውረድ ነው፤ ለሚሮጥ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የሒሳቡ ነገር ግን ዛሬም አልገባኝም። የመኪናው መነሻ ዋጋ 34,000 ማርክ ነበር። ቀላሉን የፈለገ 700 ማርክ ይጨምራል። «የለም፣ እኔ ሚስት አለችኝ፤ ምንጣፍና ወንበሩ ይመለስልኝ» ያለ ደግሞ 2,500 ማርክ ይጨምራል። ዕቃው ሲወጣም ይከፈላል፣ ሲገባም ይከፈላል። የእኛ አገር ነጋዴ ይህን ዘዴ ሳያውቀው መቅረቱ የፈጣሪ ጥበቃ ነው።

ነገሩን ያመጣው የውድድር ሕግ ነው። መኪናው ወደታሰበለት የውድድር ምድብ ለመግባት ፋብሪካው 500 መኪና ሠርቶ ለሕዝብ መሸጥ ነበረበት። የሽያጭ ክፍሉ ሰዎች ተጨነቁ፤ ጭራ ያለው፣ ሰዓት የሌለው መኪና ማን ይገዛናል ብለው። ገና የዚያው ዓመት ኅዳር ሳያልቅ 500ውም ተሸጦ አለቀ። ምርቱ በ1973 ሲቆም 1,580 ደርሷል። ከዚህ ውስጥ የተራቆቱት 200 ብቻ ናቸው። ዛሬ ምንጣፍ ያለው ደህና አርኤስ ከግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በታች አይገኝም ማለት ይቻላል፤ የኮት መስቀያ የሌለው ሚሊዮን ሲሻገር ታይቷል። ያ መሐንዲስ በሕይወት ካለ፣ ነቅሎ የጣላትን ጉጥ አስታውሶ እንቅልፍ የሚያጣ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ የሚጻፈውን ማስታወቂያ ማንበብ እወዳለሁ። መግዣው የለኝም፤ ግን አማረኝ ብሎ ሰርግ ቤት በር ላይ መቆም አይከለከልም። የእኛ ደላላ ቋንቋ የታወቀ ነው፤ «የሀኪም መኪና ናት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፤ ሞተሯ አልተከፈተም፤ ገብተህ መንዳት ነው»። ሀኪሙ ማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ አገራችን ውስጥ በደላላ የተሸጡት የሀኪም መኪናዎች ቢቆጠሩ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ አንድ ሀኪም ይደርሰው ነበር። የጀርመኑ ማስታወቂያ ግን ስለ መንዳት አንድም ቃል አይተነፍስም። የመጀመሪያ ቀለሙ ነው። ታሪኩ ክፍተት የለውም። ሦስተኛ እጅ። ሁለቱም ቁልፎች፣ ክሪኩ፣ የመፍቻው ከረጢት፣ የአገልግሎት ደብተሩ ከነማኅተሙ፣ መጀመሪያ የሸጠው ነጋዴ ደብተሩን ያስቀመጠበት ከረጢት ሳይቀር አለ። ዋጋ፦ በጥያቄ።

ወንበሩ ከተቀደደ ተቀደደ አይባልም። ፓቲና አለው ይባላል። ፓቲና ማለት ዕድሜ ያለበሰው ወዝ ነው፤ የተሰነጠቀ ቆዳ፣ የደበዘዘ ክሮም፣ ጥቁር የነበረው ወደ ቡናማ ያዘነበለ መሪ። አዲስ አበባ ውስጥ የወንበር ቀዳዳ ገዢው ጣቱን አስገብቶ ዋጋ የሚያስቀንስበት በር ነው። እዚያ ሻጩ ራሱ ቀዳዳውን ፎቶ አንሥቶ ያቀርበዋል። አጠገቡ ሆኖ ፈገግ ቢል አይገርመኝም።

መንግሥታቸውም ያግዛቸዋል። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው፣ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ የቆየ መኪና ታርጋው መጨረሻ ላይ ኤች የምትል ፊደል ይሰጠዋል። ሕጉ እንዲህ ያለውን መኪና የሚያየው እንደ ቅርስ ነው። ሞተሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ የዓመት ግብሩ 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው፤ ጭስ ወደተከለከለባቸው የከተማ ክፍሎችም ይገባል። 30 ዓመት! እኛ ዘንድ 30 ዓመት የሞላው መኪና ገና ጎረምሳ ነው፤ ሦስት ባለቤት ቀይሮ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም ለውጦ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። የጀርመኑ ሕግ አንድ ቀን መርካቶ ላይ ቢሠራ ትራፊክ ፖሊሱ የሙዚየም አስጎብኚ ይሆን ነበር።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ የዚህ ንግድ ነፍስ ያለችው ወረቀት ላይ ነው። መኪና ገዝቶ የሚያውቅ የአገሬ ሰው ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር እንዳለ ያውቃል። ኮፈን ተከፍቶ፣ በጨርቅ ቅባቱ ተጠርጎ፣ ጎንበስ ተብሎ ቁጥሩ ሲነበብ ትንፋሽ ይያዛል። የማይገጥም ከሆነ መዘዙ ብዙ ነው፤ ከመንገድ ትራንስፖርት እስከ ፖሊስ ጣቢያ ያመላልሳል። ሰብሳቢዎቹም ጎንበስ ብለው የሚያነቡት ይህንኑ ቁጥር ነው። የሚለዩት በፍርሃታቸው ነው። እኛ የምንፈራው መኪናው የሰው እንዳይሆን ነው፤ እነሱ የሚፈሩት ሞተሩ የሌላ መኪና እንዳይሆን ነው። በ1973 ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ሞተር ዛሬም ሆዱ ውስጥ ካለ ዋጋው ሙሉ ነው። አንዱ ባለቤት በ1985 ሞተሩ ተቃጥሎበት፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው፣ ተመሳሳዩን ገዝቶ አስገጥሞ ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል፤ አዲሱ ሞተር ከቀድሞው የተሻለ ቢሆን እንኳ። በትዳር ብንመስለው ሁለተኛ ሚስት ያገባ ባል ዋጋው ቀነሰ እንደማለት ነው፤ እሱስ ምሳሌውን ልተወው፣ የሚያነቡ አሉ።

በዚህ የተነሣ ፋብሪካዎቹ የድሮ መዝገባቸውን እንደ ታቦት ያከብሩታል። ይህ የሻንሲ ቁጥር በዚህ ቀን፣ በዚህ ቀለም፣ በዚህ ሞተር ወጣ የሚል ወረቀት ከመዝገብ ተገልብጦ ይሰጣል፤ በክፍያ። የድሮዎቹ ፖርሼዎች ካርድ ካርዴክስ ይባላል። እኔ ካርዴክስ ያለው ሰው አግኝቼ አላውቅም፤ ብዙዎቻችን የልደት ሰርተፍኬታችንን ያወጣነው ፓስፖርት ሲጠየቅ ነውና።

አቧራም በዚህ ገበያ ዋጋ አለው። ፖርሼ ይህን 911 የሚባለውን መኪና መጀመሪያ ለሕዝብ ያሳየው በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲሆን ያኔ ስሙ 901 ነበር። ፈረንሳዊው ፔዦ «በመካከላቸው ዜሮ ያለባቸው ባለ ሦስት አኃዝ ስሞች አገራችን ውስጥ የኔ ናቸው» ብሎ ተነሣ። ጀርመኖቹ ሙግት ውስጥ አልገቡም፤ ዜሮውን ወደ አንድ ቀየሩና ተገላገሉ። ስሙ ሳይቀየር በፊት የተሠሩት 82 ብቻ ናቸው። የሚያስቀው ይህ ነው፤ በሽቱትጋርት ትልቅ ሙዚየም የሠራው ፋብሪካ ራሱ ከነዚያ አንዱን እንኳ አላስቀረም ነበር። ማን ያውቃል፤ አዲስ መኪና የሚሠራ ሰው ሥራው ሽያጭ ነው፤ ልጆቹን ሁሉ ዳረ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የድሮ ዕቃ የሚያስስ የቴሌቪዥን ቡድን ጀርመን ውስጥ አንድ ጎተራ ገብቶ ሁለት አሮጌ ፖርሼ አገኘ። አንደኛው ቁጥር 57 ሆኖ ተገኘ፤ ከ82ቱ አንዱ። የፊት መከላከያ ላሜራዎቹ ሁለቱም የሉም፣ ዝገት ወለሉን በልቶታል፣ ፍሬኑ የለም፣ ውስጡ አልቋል። እንደኛ ቢሆን ገና ሳይጎተት ለቁራሌው «ይህን ብረት ውሰድልኝ» ይባላል። ሙዚየሙ ከ100 ሺ ዩሮ በላይ ከፍሎ ወሰደው፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶም አደሰው። ሰው የገዛ ልጁን ከጎተራ በ100 ሺ ዩሮ ሲያስመልስ አንጀቴን ይበላዋል። ዛሬ በጎተራ የተገኘ ነገር ሁሉ ከነአቧራው ይሸጣል፤ ማስታወቂያው ላይ የሸረሪት ድሩ በደንብ እንዲታይ መብራት ይደረግለታል። አጥቦ ያቀረበ ሞኝ ነው።

የጨረታውን ነገር ሳላነሣ ብተወው ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ የአርኤም ሶዝቢስ ጨረታ ነበር። የቀረበው ታይፕ 64 የሚባል ብርማ መኪና ነው፤ ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1939 ከበርሊን ሮም ለታሰበ ውድድር የሠራው። ጦርነቱ ተነሣና ውድድሩ ቀረ። ዋጋው እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። አጫራቹ በማይክሮፎን 13 ሚሊዮን ብሎ ከፈተ፤ ስክሪኑን የያዘው ሰው የሰማው 30 ነው። ስክሪኑ ላይ 30 ሚሊዮን በራ። አዳራሹ ጮኸ። አጫራቹ 14 ይላል፣ ስክሪኑ 40 ይላል፤ 15 ይላል፣ 50 ይላል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል፣ ታሪክ ሲሠራ አየሁ ብሎ ጎረቤቱን ያቅፋል። 70 ሚሊዮን ደረሰ። አጫራቹ ቀና ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «17 ነው፤ ሰባ አይደለም» አለ። 53 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነነ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ወጣ፣ መኪናውም ሳይሸጥ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ አንድ የአዲስ አበባ ደላላ ቢኖር ኖሮ 17ቱንም አያስቀር ነበር፤ «ሰባ ተብሎ ነበር፤ በወዳጅነት በአሥራ ስምንት ውሰደው» ብሎ ከዳር ያደርሰዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማከብረው ሰው አለ። ሩዶልፍ ኡለንሃውት የመርሴዲስ መሐንዲስ ነበር። በ1955 ለውድድር ከተሠራው 300 ኤስኤልአር ጣሪያ ያላቸው፣ በሮቻቸው ወደ ላይ እንደ ክንፍ የሚከፈቱ ሁለት መኪናዎች ተሠሩ። መርሴዲስ በዚያው ዓመት ከውድድር ወጣና ሁለቱም ሥራ ፈቱ። ኡለንሃውት አንዱን የመሥሪያ ቤት መኪና አደረገው። ማርሚታው ደብቆ የማያውቀውን ጩኸት እየለቀቀ ቢሮ ይመላለስበት ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ረፍዶበት ከሙኒክ ሽቱትጋርት በአንድ ሰዓት ገደማ ደረሰ ይባላል፤ መንገዱ ከ200 ኪሎሜትር በላይ ነው። ትራፊክ ያላስቆመው ምናልባት ስላልደረሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ከሁለቱ አንዱ እዚያው ሽቱትጋርት በመርሴዲስ ሙዚየም ለተጋበዙ ጥቂት ሰዎች ቀርቦ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተከፈለበት ሌላ መኪና አልነበረም። ገንዘቡ ለወጣቶች የትምህርት ድጎማ ይውላል ተብሏል፤ መልካም ነው። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ ኡለንሃውት ምሳ ሰዓት ላይ መኪናውን የት ያቆመው ነበር? ዛሬ የገዛው ሰው ቁልፉን ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መሐንዲሱ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ያንቃጭለው ነበር። መኪናው የሱ ነበር የምለው ለዚህ ነው፤ ሊብሬው በስሙ ባይሆንም።

ይህን ሐሳብ የነገርኳቸው አንድ ሰው አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ወጣትነታቸውን ሶማሌ ተራ አካባቢ በባትላሜራነት ያሳለፉ፣ አሁን ሽቱትጋርት ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ናቸው። የተጣመመ ላሜራ ሲያዩ እንደ አጥንት ሐኪም ዓይናቸው ይበራል። ከሽቱትጋርት አጠገብ ቦብሊንገን የሚባል ከተማ አለ፤ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያው ዛሬ የድሮ መኪና መናኸሪያ ሆኗል። ሞተርወርልድ ይባላል። መኪኖቹ ፎቅ በፎቅ በተደረደሩ የመስታወት ክፍሎች ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ባለቤቶቻቸው ኪራይ ይከፍላሉ፤ መጥቶ የሚያይ ሰው ግን በነፃ ነው። ጋሼ መስታወቶቹን ቀና ብለው እያዩ «እኔ እዚህ አገር ቤት ፍለጋ ስንት ወር ተንከራተትኩ» አሉ።

ከሻጮቹ አንዱ ዘንድ ብርቱካንማ 911 ኤስ ቆሟል፤ የ1972 ሞዴል። ሻጩ ሸሚዙን በጥንቃቄ የተኮሰ ወጣት ነው። በቀኝ በኩል ከበሩ ኋላ ያለች ትንሽ ክዳን አሳየን። የዘይት መጨመሪያ ናት። ፋብሪካው በዚያ ዓመት ዘይቱ ከውጭ እንዲሞላ አደረገ፤ የማደያ ሠራተኞች ክዳኗን እያዩ የቤንዚን መስሏቸው ቤንዚን ይቀዱባት ጀመር። ክዳኗ በሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ላይ ቀረች። ስለዚህ ክዳን ያለው የ1972ቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሰብሳቢ ይሻማበታል። ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ክዳኗን ከፍተው ዘጉ፣ ከፍተው ዘጉ። «ስለዚህ የሚሸጥልን ስሕተታቸውን ነው» አሉ። ይህን አልተረጎምኩም።

ሻጩ ትንሽ መሣሪያ አወጣ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ነው፤ ላሜራው ላይ ሲያስነኩት ቁጥር ይጽፋል። በሩ ላይ አስነካ፤ 110 ማይክሮን። ኮፈኑ ላይ፣ 120። ጣሪያው ላይ፣ 115። ፋብሪካው የቀባው ቀለም ነው ማለቱ ነው፤ ስቱኮ ቢኖር ቁጥሩ ሺ ይደርሳል። ጋሼ መሣሪያውን በትዕግሥት አዩትና ወደ መኪናው ተጠጉ። ጆሯቸውን አዘንብለው በጣታቸው አንጓ በሩን ኳ፣ ኳ አደረጉት። ሻጩ ያወጣው ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ አይተረጎምም። ጋሼ አልሰሙትም፤ እጃቸው የኋላውን መከላከያ ኳ፣ ጣሪያውን ኳ፣ ሌላውን በር ኳ እያለ መኪናውን ዞረው ጨረሱ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ነው።

«ምነው ጋሼ? ስቱኮ አገኙበት እንዴ?»

«የለውም። ምንም የለውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተጋጨም?» አሉ። «ታዲያ ምን ሲሠራ ኖረ?»

እንዲገቡ ተፈቀደላቸው፤ ሻጩ መጀመሪያ ቀበቶ ማሰሪያቸው ቆዳውን እንዳይጭረው በዓይኑ መረመረ። ጋሼ ተቀመጡና ቀኝ እጃቸው ቁልፍ ፍለጋ ዳሽቦርዱ ላይ ተንከራተተ። የለም። ሻጩ በኩራት ወደ ግራ አመለከተ። ፖርሼ ቁልፉ ከመሪው በስተግራ ነው፤ በለማን ውድድር ሾፌሮቹ ሮጠው ገብተው በግራ እጅ ሲያስነሡ በቀኝ ማርሽ ያስገባሉ ተብሎ ነው የሚተረከው። ጋሼ ወጥተው ወደ ኋላ ሄዱ፤ የሞተሩን ኮፈን አስከፈቱ። ራዲያተር ፈለጉ፤ የለም። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ጋሼ ቀና ብለው ከዚያ ቀን በፊት ያላየሁትን ፈገግታ ፈገግ አሉ።

«ይሄ እኮ ቮልስ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው፤ በ1948 ፖርሼ የሚል ስም ይዞ የወጣው የመጀመሪያው 356ም የተሠራው በቮልስ ዕቃ ነበር። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ሌላው ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ በጀሪካን ውሃ ሲለምን እሱ እያጉረመረመ ያልፍ ነበር። ስተረጉምለት ሻጩ «ቮልክስቫገን» የሚለውን ቃል ሰምቶ ቀለሙ ተለወጠ። ሀብታም ሰርግ ላይ የድሃ አጎት ስም እንደተነሣበት ሙሽራ ሆነ፤ መኪናውን ከዘመዱ ሊከልለው ይመስል ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ስንት ነው በለው» አሉኝ።

ጠየቅኩት። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ 200 ሺ ዩሮ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ አልደነገጡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«መጨረሻውን ይንገረን።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር...»

«መጨረሻውን ንገረኝ በለው።»

ተረጎምኩ። ሻጩ መጨረሻው ያው ነው አለ። ጋሼ «እሺ፣ ያስብበት» ብለው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ተመልሶ እንዲጠራቸው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። እስከ በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። አልጠራቸውም። ውጭ ቆመው ትንሽ ሲያስቡ ቆዩና ስልካቸውን አወጡ። ቀጨኔ፣ የወላጆቻቸው ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናው ጀርባ፣ በወጣትነታቸው የነዱት ቮልስ ቆሟል። ጠባቂው ታናሽ እህታቸው ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጠያቂ በዝቷል ብለው ነግረዋቸው ነበር፤ ጋሼ ያን ጊዜ ቁም ነገር አላደረጉትም። ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙት፤ የሁለቱንም ድምፅ እሰማለሁ።

«ስሚ፣ ያ ቮልስ እንዴት ነው?»

«አለ ጋሼ፣ ምን ይሆናል። ለፋሲካ ሰው ሲመጣ እንዳያሳፍረኝ ቅዳሜ ላሳጥበው ነው። የሰፈር ልጆች አሉ።»

«እንዳታሳጥቢ! አቧራውን እንዳትነኪው! ዝገቱንም አትንኪ! የወንበሩ ቀዳዳ አለ?»

«የበፊቱ ሰፍቷል እንጂ አልጠበበም።»

«በጣም ጥሩ። አይሰፋ። ሊብሬው አለ? የሞተር ቁጥሩ ይገጥማል?»

«ሊብሬው ሣጥን ውስጥ ነው። ደህና ነህ ግን ጋሼ? በልተሃል?»

«ደህና ነኝ። በሩን ዝጊው፣ ማንም እንዳይነካው። እንዳለ፣ እንደነበረ ይቆይ፤ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ባለበት።»

በወዲያኛው ጫፍ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ዶሮ ተንጫጫ፤ የመኪና በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ።

«ጋሼ፣ የኋላው ወንበር ላይ ዶሮዋ ታቅፋለች። አሥራ አንድ እንቁላል አለ። እሱንም እንዳለ ልተወው?»